ለአዴ ወርቂቱ የላላው ሞላ

እስቲ ልጆቼ፣ ቀረብ በሉ። ያንን አሮጌ ጎማ አጋድሙና ተቀመጡበት፤ ጠርጌዋለሁ፣ ልብሳችሁን አያቆሽሽም። ቆሞ የሚሰማኝ ሰው ሲኖር እኔም እቸኩላለሁ። የዛሬው ወሬ ደግሞ ራሱ የችኮላ ወሬ ስለሆነ ሁለት ችኮላ አይበጀንም። ተቀመጣችሁ? ደግ።

የሆነው ባለፈው ዓመት ግንቦት ውስጥ ነው። ዝናቡ መጣሁ መጣሁ እያለ ሰውን የሚያንቀዠቅዥበት ጊዜ። ገበሬው ማሳና ሰማይ ያያል፣ ነጋዴው ሸራውን ይዘረጋል ያጥፋል፣ እኔም ነቀምቴ በዚህችው ጋራዤ በር ላይ ቆሜ የማንንም ሥራ ሳልጨርስ የሌላውን እጀምራለሁ። አንድ ማለዳ ሁለተኛውን የበር ቁልፍ ሳልከፍት ዋጋሪ ከች አለ። ዋጋሪ ሞተረኛ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ጉቶ ጊዳ ውስጥ ገጠር ተወልዶ፣ ፌኔት የምትባል ሸጋ ልጅ አግብቶ ከተማ ይኖራል። አብዛኛውን ቀን በቆሎ ይጭናል፣ በቆሎ ሲጠፋ ሰው ይጭናል። ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ።

«ጋሼ፣ የኋላውን ያላሉልኝ። ቶሎ።»

«መጀመሪያ እንደምን አደሩ ይባላል።»

«አከም ቡልተኒ፣ ነጋ፣ ፈያ፣ ከብቱም ደህና፣ ጎረቤቱም ደህና፣ አሁን ያላሉልኝ!» አለ የኦሮምኛውን ሰላምታ ባንድ ትንፋሽ፤ ነጋ ሰላም ማለት ነው።

«ያንተን ነገር! ሞተሩን አጥፋው እንጂ፣ እየሮጠ ላላላው ነው?»

አጠፋው። ሲያጠፋው ድምፁ ከሞተሩ ጋር አብሮ ወረደ። እናቱ ወገባቸውን ታመዋል። አዴ ወርቂቱ ይባላሉ፤ ቀደም ብዬም አውቃቸዋለሁ፤ ልጃቸው ዘንድ ሲመጡ በበሬ ያልፋሉ። ላሟ በበረት በር ስትወጣ ከግንዱ ጋር አጣብቃቸው ነው። የነቀምቴው ሐኪም መርፌም ቢላዋም አያስፈልግም ብሎ የወገብ እንቅስቃሴ ሕክምና አዘዘላቸው፤ በየሐሙሱ አንድ ጊዜ፣ ስምንት ሐሙስ። መኪና እስከ ዋናው መንገድ ነው። ከዚያ እሳቸው ቤት ለመድረስ ሁለት ወንዝና አንድ የድንጋይ ዳገት አለ። ባጃጅ ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ሁለት ጊዜ ከዳገቱ ሥር ተመልሷል። በቃሬዛ እንዳይሸከሟቸው ደግሞ የእርሻ ወቅት ነው፤ ስምንት ሐሙስ ሙሉ ጎረቤት ከሞፈር ላይ አይጠራም። የቀረው የዋጋሪ ሞተር ነው።

«ሐኪሙ ምን አለ መሰልዎት፤ አራተኛው ሐሙስ ላይ አያታለሁ፣ ካልተሻላት መንገዱን ትተው፣ ከተማ ትቀመጥ አለ። ፌኔት ክፍል አጽድታለች። አልጋም ገብቷል።»

«እናትህስ?»

«እናቴማ…» የራስ ቁሩን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አገላበጠ። «ከቤቴ የምወጣው ተገንዤ ነው አለች። አባቴን የቀበረችው እዚያው ደጅ ላይ ነው። ላሞቿን በስማቸው ካልጠራቻቸው አይታለቡም። ከተማ ስትመጣ ያዩዋታል አይደል? ሁለት ቀን ስታድር ሦስተኛው ቀን በር ላይ ነው የምትቆመው። በግድ ባመጣት ትሞትብኛለች ብዬ እፈራለሁ። ባላመጣትም ሽባ ትሆንብኛለች ብዬ እፈራለሁ። እና ጋሼ፣ ያላሉልኝ።»

ሥራውን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሞተር ከኋላ ግራና ቀኝ ሁለት ሾክ አለው፤ የመንገዱን ምት የሚውጠው እሱ ነው። በሾኩ ላይ ሞላ ተጠምጥሟል። ከሞላው ግርጌ እንደ ደረጃ የተቆረጠ ቀለበት አለ፤ አምስት ጥርስ ነው። በጠማማው ቁልፍ ይዛችሁ ወደ ላይኛው ጥርስ ስታዞሩት ሞላው ይጠነክራል፣ ወደ ታችኛው ስትመልሱት ይላላል። እዚህ አገር ያለ ሞተረኛ ሁሉ አምስተኛው ላይ አድርጎት ይረሳዋል። ለምን ስትሉት፣ «ኩንታል ቢመጣስ?» ይላችኋል። የዋጋሪ ደግሞ ባሰ። ከአምስተኛው ጥርስ በላይ፣ ሞላው ጭራሽ እንዳይተጣጠፍ፣ ከካላማዳሪ፣ ከውስጠኛው ላስቲክ፣ የተቆረጠ ጎማ ጠቅልሎ በሞላው መሐል ወትፎበታል። አራት ጥቅል አወጣሁለት።

«ይኼ ሞተር ነው የድንጋይ ወንበር?» አልኩት።

«በቆሎ አያማርርም፣ ጋሼ።»

ጎማውን አውጥቼ ሁለቱንም ቀለበት እስከ መጨረሻው፣ አንደኛው ጥርስ ላይ አወረድኩት። ወንበሩን በመዳፌ ስጫነው እንደ ሊጥ ሰመጠ። ኮራሁ። «ሂድ፣ አሁን ፍራሽ ነው» አልኩት። እሱም ምርቃት እንኳ ሳይቀበል ቆስቁሶ በረረ። ስሕተቴ ያቺ ናት፣ ልጆቼ። ማንንም ሳላስቀምጥበት በመዳፌ ብቻ ለካሁት።

በመጀመሪያው ሐሙስ እናቱን ይዞ በበሬ ሲያልፍ ቆመልኝ። አዴ ወርቂቱ በነጭ ነጠላ ተጠቅልለው በአንድ ጎን ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም እግራቸው በግራ ወርዷል፣ አንድ እጃቸው የልጃቸውን ቀበቶ ጨብጧል። ከኋላቸው ዕቃ መጫኛው ላይ ደግሞ ግማሽ ጆንያ በቆሎ ታስሯል።

«አከም ጅርቱ አዴ ወርቂቱ? ነጋ?»

«ነጋ፣ ገለታ ዋቃ፣ ፈጣሪ ይመስገን። እርስዎስ ኦቦ ጫንያለው? ቀለሟስ?»

«ደህና ነን። መንገዱስ? ሞላውስ ተመቸዎት?»

«ነጋ ነው፣ ነጋ። እጅዎ ይባረክ።»

ዋጋሪም በዓይኑ ጠቅሶኝ ሄደ። ደስ አለኝ። ቀለሟ ሚስቴ ናት፤ ምሳዬን ይዛ መጥታ አጠገቤ ቆማ ነበር። እኔና እሷ በሰፈራ ዘመን ከወሎ ወደ አንገር ጉቲን አንድ ላይ ነው የመጣነው፤ እስከ ዛሬ ድረስ ከአፌ የወጣውን ሳይሆን ከአፌ የቀረውን ነው የምትሰማው።

«ያች ሴትዮ እያመማት ነው» አለች።

«ነጋ ነው አሉ እኮ።»

«ከበራችን ፊት ያለችው ጉድጓድ ላይ ሲያርፉ ዓይኗን ጨፈነች።»

«አቧራ ይሆናል።»

«አቧራ? ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ?»

ምሳዬን በላሁ፤ ምን እንደበላሁ ግን አላስታውስም።

የዚህን አገር ሰላምታ ታውቁታላችሁ። ነጋ ብሎ የጠየቀ ሰው መልሱም ነጋ ነው። ቤት ቢቃጠል፣ ከብት ቢጠፋ፣ መጀመሪያ ነጋ ይባላል፤ ሰው ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ውሃ ቀምሶ ነው ክፉው ነገር ቀስ ብሎ የሚወጣ። እኛ ሰፋሪዎቹም ለምደነዋል፤ እንዲያውም ብሶብናል። እኔ ደግሞ አዴ ወርቂቱን የጠየቅኋቸው ሞተር ላይ እንዳሉ፣ በሰላምታ መሐል ነበር። ሌላ ምን ይመልሱልኝ?

በሁለተኛው ሐሙስም ነጋ አሉ። ከንፈራቸው ግን ደርቋል። በሦስተኛው ሐሙስ ነጋውን የተናገረልኝ ጭንቅላታቸው ነው፤ ከአፋቸው አልወጣም። ምክንያቱ የገባኝ ኋላ ነው፤ ያኔ ግን እጄ ሥራ እምቢ አለኝ። ቁልፍ አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። የአንዱን ሰውዬ ካንዴላ ፈትቼ ሌላ ሞተር ላይ አሰርኩት። ቀለሟ «ወይ ተቀመጥ ወይ ውጣ፤ በር ላይ አትመላለስ፣ ዶሮ መሰልክ እኮ» አለችኝ።

ዓርብ ማለዳ ዋጋሪ ብቻውን መጣ። በዚህኛው ጊዜ ግን ሞተሩን አጥፍቶ ነው የወረደው፤ እሱን ሳይ ፈራሁ።

«ብሶባታል፣ ጋሼ። ሐኪሙ እግሯን ሲያነሳው አልቻለችም። በመጀመሪያው ሳምንት ትችል ነበር።»

«ሞተሩ ነው?»

«ሞተሩማ አይደለም። በየመንገዱ እጠይቃታለሁ። አዮ፣ እናቴ፣ አመመሽ? እላለሁ። ነጋ ነው ልጄ ትላለች። አዮ፣ ላቁም? ነጋ ነው፣ ንዳ። ቤቱ ነው፣ ጋሼ። ጎንበስ ቀና ትላለች፣ ተደብቃ ታልባለች። በመጪው ሐሙስ ልብሷን ጭኜ ነው የማመጣት። ላሞቹንም ለጎረቤት እሰጣለሁ። በቃ።»

«ነግረሃታል?»

«ሐሙስ ዕለት እነግራታለሁ።»

እሱ ሲያወራ የኔ ዓይን ሾኩ ላይ ነበር። ጎንበስ አልኩ። ሾኩ ሰምጦ ሲጨርስ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ ውስጡ ትንሽ የጎማ ትራስ አለችው፤ የግራዋ ተፈጭታ እንደ ትንባሆ ሆናለች። ጣቴን ስሰድበት ፍርፋሪዋ እጄ ላይ ቀረ።

«ነገ እናትህ ቤት ውሰደኝ።»

«ምን ሊያደርጉ?»

«ከኋላ ተቀምጬ ልሄድ።»

ሳቀ። ሦስት ሳምንት ሳቅ አላየሁበትም ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ኩንታል ሊሞሉ ምንም አልቀረዎት!»

«እናትህስ ስንት ትሆናለች?»

«እኔ እንጃ። እናት ይመዘናል እንዴ?»

«ግማሽ ጆንያዋስ?»

«እሷማ ሠላሳ ኪሎ ብትሆን ነው። ባዶዬን ልመለስ እንዴ?»

«እንግዲያው እናትህና ጆንያዋ አንድ ላይ እኔ ናቸው። ነገ ጠዋት።»

ቅዳሜ ቀለሟ መቀነቷን ፈትታ ወገቤ ላይ ጠመጠመችልኝ። «ሰባ ዓመት ሊሞላህ ምንም አልቀረህ፣ ሞተር ላይ ትንጠለጠላለህ» እያለች አጥብቃ አሰረችው። ጠማማውን ቁልፍ ኪሴ ከትቼ፣ እንደ አዴ ወርቂቱ በአንድ ጎን ተቀመጥኩ። ያየኝ ሁሉ ሳቀ። አንዱ ባለ ባጃጅ «ሙሽሪት፣ የት ያደርሱሻል?» አለኝ። ይሁን ብዬ ቻልኩት።

አስፋልቱ ላይ እውነትም ፍራሽ ነበር። በልቤ፣ ሴትዮዋ እውነት ነው ያሉ፣ ቀለሟ ናት የተሳሳተች አልኩ። አፈሩ መንገድ ላይ ስንገባ ሞተሩ እንደ ጀልባ ወደ ኋላው ተኛ። ፊቱ ሰማይ ሰማይ ያያል። የመጀመሪያው ወንዝ ጋ ወረድን። ከውሃው ስንወጣ አንዲት ትራስ የምታህል ድንጋይ ነበረች። የኋላ እግሩ ድንጋይዋ ላይ ወጣ፣ ወረደና፦ ቋ!

ልጆቼ፣ ጥርሴ ነው የተጋጨ መሰለኝ። ከመቀመጫዬ ተነስቶ፣ በአከርካሪዬ ወጥቶ፣ ጆሮዬ ሥር ገባ። እግሬ የሚቆናጠጠው ነገር የለም፤ ሁለቱም በአንድ ጎን ተንጠልጥለዋል፤ ወገቤ ተጠምዝዞ ነው ምቱን የተቀበለ። ትንፋሼ እስኪመለስ ሁለተኛው ቋ ደረሰ።

«ቁም! ኧረ በእመቤቴ፣ ቁም!»

ቆመ። ደንግጦ ዞረ። «ምን ሆኑ?»

ወርጄ ቋጥኝ ያዝኩ። በጣቴ ሾኩን አሳየሁት።

«አዮ እኮ እዚህ ጋ ጮኻ አታውቅም» አለ ዋጋሪ። ፊቱ ቀስ እያለ ሲለወጥ አየሁት። «ስንት ጊዜ… ሦስት ሐሙስ… መሄጃና መመለሻ…» እያለ በጣቱ ቆጠረ፤ ቆጥሮ ሳይጨርስ ተወው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት። «እጅግ ሲጠነክር ድንጋይ ነው፣ እጅግ ሲላላ ደግሞ እስከ ብረቱ ይሰምጣል። እኔ ለባዶ ሞተር ነው ያላላሁት። አንተን፣ እሷን፣ ጆንያህን አልቆጠርኩም።»

የቀረውን መንገድ ግማሹን በእግሬ ሄድኩት። ዳገቱን እያለከለክሁ ስወጣ ዋጋሪ ሞተሩን እየገፋ ከኋላዬ ይመጣል፤ ሊነዳው አልፈለገም።

አዴ ወርቂቱ ደጃቸው ላይ ግንድ ተደግፈው ቆመዋል። ጎጇቸው ንጹሕ ናት፣ አጥሯ የዓምና የበቆሎ አገዳ ነው፤ ሁለቱ ላሞች ከግቢው ውጭ ተቀምጠው ያመነዥካሉ። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ኦቦ ጫንያለው! ከነቀምቴ? በዚች ሞተር? እንዴት ነበር መንገዱ?»

እኔ ደግሞ፣ በእናንተ ሞት፣ ወገቤን በሁለት እጄ ይዤ፣ ላቤ በአገጬ እየወረደ፣ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ?

«ነጋ ነው። ነጋ!»

አዩኝ። መቀነቴን አዩ። የያዝኩትን ወገብ አዩ። ከዚያ ሳቅ ፈነዳባቸው። መሳቁ ወገባቸውን ወጋቸውና «ወይ ወይ» እያሉ ሳቁ፤ ግንዱን ይዘው ሳቁ፤ እንባቸው ወረደ። እኔም ጀመርኩ። ዋጋሪ መሐላችን ሞተር ይዞ እንደ ሞኝ ቆሟል።

«ይዋሻሉ!» አሉኝ።

«እርስዎም ይዋሻሉ!»

«እኔማ…» አሉና ሳቁ ቀስ ብሎ ከፊታቸው ወረደ። ወደ ልጃቸው ሳይሆን ወደ ላሞቹ እያዩ ነው የተናገሩት፤ በኦሮምኛ ነው፣ እኔ በአማርኛ ልበላችሁ። «አመመኝ ብል መንገዱ ነው ይላሉ። መንገዱ ነው ካሉ ከተማ ቅሪ ይላሉ። ፌኔት ክፍል እንዳጸዳች ሰምቻለሁ፤ አልጋ እንደገባም ሰምቻለሁ። ደግ ልጅ ናት። እኔ ግን ሰው ቤት አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ በር በር እያየሁ መሞት አልፈልግም። ለዚህ ነው ጥርሴን የነከስሁ። ስምንት ሐሙስ ነው፣ ያልቃል አልኩ።»

«አዮ፣ ሽባ ብትሆኚስ?» አለ ዋጋሪ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ።

«ቤቴ ውስጥ እሆናለሁዋ!»

«እንዲህማ አትበዪ!»

ሊጣሉ ነው ብዬ ጣልቃ ገባሁ። «አንድ ጊዜ ዝም በሉኝ። መጀመሪያ ሞተሩን እንሥራ፤ ከዚያ ተጣሉ። ግን አዴ ወርቂቱ፣ ዛሬ ከእርስዎ ነጋ የሚባል ቃል አልቀበልም። ይማሉልኝ።»

«ሰላምታ ሊከለክሉኝ ነው?»

«ሞተሩ ላይ እስካሉ ድረስ፣ አዎ።»

ማሉ። እየሳቁም ቢሆን ማሉ።

ከአጥሩ አንድ ቀጥ ያለ አገዳ መዘዝኩ። ሞተሩን አቁሜ፣ ከኋላው እግር ብሎን እስከ ወንበሩ ጠርዝ አስደግፌ፣ ባዶውን የት እንደሚደርስ በጥፍሬ ምልክት አደረግኩ። ቀጥሎ ሁለቱን አስቀመጥኳቸው። ሾኩ ጠቅላላ የሚሄደው አራት ጣት ነው፤ እነሱ ሲቀመጡ ሦስቱን በላው። ለዚያ ሁሉ ድንጋይ የቀረችው አንዲት ጣት ናት። ለዋጋሪ አገዳውን ሰጠሁት፤ አየው፣ አገላበጠው።

«አሁን ስለ መቀመጫዎ» አልኳቸው። «በአንድ ጎን አይሆንም። እኔም ቀምሼዋለሁ። እግርዎ ግራና ቀኝ መሆን አለበት።»

«በቀሚስ?»

«ሱሪ ከሥሩ ይልበሱ።»

«ኡኡቴ! ጎረቤት ምን ይላል? ወርቂቱ በስተርጅና ወንድ ሆነች?»

ዋጋሪ ገብቶ የተማሪነት ዘመኑን ካኪ ሱሪ ይዞ ወጣ። እናቱ አንድ ጊዜ አዩት፣ አንድ ጊዜ ሱሪውን። «ይኼን እኮ ጨርቅ ላደርገው ነበር» አሉና ነጥቀው ገቡ። ሲወጡ ከቀሚሳቸው ሥር አንድ ስንዝር ካኪ ይታያል። እኔ ሳቄን ወደ ሰማይ አዞርኩት። ደመናው ወርዷል፤ ነፋሱ ገለባ እያስነሳ ነው፤ ከመዝነቡ በፊት መጨረስ አለብን።

ሁለተኛው ጥርስ ላይ አደረግሁት። ዋጋሪ ከደጅ እስከ ወንዙ አፋፍ ይዟቸው ሄዶ ተመለሰ።

«እንዴት ነው?»

«ነ…» አሉና አፋቸውን ያዙ። «መታኝ። አፋፉ ላይ አንድ ጊዜ።»

ሦስተኛው ላይ። አገዳውን ለካሁ፤ ከአንድ ጣት ጥቂት አለፍ ብሎ ነው የሰመጠ። ሄደው መጡ።

«አልመታኝም። ግን ይነዝረኛል። ወገቤ ውስጥ ንብ ያለ ይመስላል።»

እሱ ጎማው ነው። ዋጋሪ ለበቆሎው ብሎ እንደ ድንጋይ አስነፍቶታል። ጎንበስ ብዬ አየር አስተነፈስሁ፤ በአውራ ጣቴ ስጫነው ትንሽ እሺ እስኪለኝ ድረስ። ግራና ቀኙ ቀለበት እኩል ጥርስ ላይ መሆኑን ደግሜ በጣቴ ዳሰስኩ፤ አንዱ ከሌላው ከበለጠ ሞተር ያነክሳል። ሄዱ። ይኼኛው ዙር ረዘመ፤ ወንዙን ሳይሻገሩ አልቀሩም። እኔ ደጅ ላይ ተንጎራደድኩ። ላሞቹ እንኳ ተነስተው ያዩኝ ጀመር። ጠብታ መጣል ሲጀምር ብቅ አሉ፤ ከሞተሩ ድምፅ በላይ የሳቸው ድምፅ ይሰማል፦ «ሱታ! ሱታ፣ ቀስ በል ብያለሁ! በቆሎ ነኝ እንዴ?»

ወረዱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ ሲወርዱ አየኋቸው። ግንዳቸውን ያዙና አሰቡ፤ እውነት ለመናገር እንደሚያስብ ሰው ነው ያሰቡ።

«ያማል» አሉ። «አሁን የሚያመኝ ግን የራሴ ሕመም ነው። የሞተሩ አይደለም።»

ዋጋሪ መሬት መሬት ያያል። «ሐሙስ ሐሙስ ጆንያ አልጭንም» አለ። ስለ ልብሳቸውና ስለ ላሞቹ ግን ምንም አላለም። እኔም አልጠየቅሁትም፤ ልጃቸው እሱ ነው፣ ወሳኙም እሱ ነው። ዝናቡ ወረደብን።

እስከ ሐሙስ ያሉትን ቀኖች እንዴት እንዳለፍኳቸው አትጠይቁኝ። አራተኛው ሐሙስ ደረሰ። ጠዋት ሲያልፉ አልቆሙልኝም፤ ዋጋሪ እጁን ብቻ አነሳ፤ ከኋላው ጆንያ የለም፣ ትንሽ የልብስ ጥቅል ግን አለች። ጥቅሏን ሳይ «ልብሷን ጭኜ ነው የማመጣት» ያለው ትዝ አለኝ። ቀለሟም አይታታለች፤ «እኔ እንጃ» አለችና ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ያን ቀን ሁለታችንም መንገድ ስናይ ዋልን።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ከሆስፒታል ሲመለሱ መጡ። እንደምታዩት ከበሬ ፊት መንገዱ ይከፈላል፤ ቀኙ ወደነ ዋጋሪ ሰፈር፣ ግራው ወደ ጉቶ ጊዳ ይወጣል። ዋጋሪ መከፈያው ላይ ደርሶ ቆመ። ሞተሩን አላጠፋም። እኔና ቀለሟ ተነስተን ቀረብን።

«ሐኪሙስ?» አልኩ።

«አልባሰም አለ» አለ ዋጋሪ። «ተሽሏታልም አላለም። ምን ይሻላል ስለው፣ እናንተ ታውቃላችሁ አለኝ።» ዓይኑ በቀኝ በኩል ሄደ፤ እዚያ ፌኔት አልጋ አንጥፋ ትጠብቃለች። ከዚያ ዞር ብሎ እናቱን በትከሻው ላይ አያቸው። «አዮ። እውነቷን ንገሪኝ። ከዚህ እስከ ቤት ያለውን ትችዪዋለሽ?»

አዴ ወርቂቱ መጀመሪያ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን መንገድ አዩ። ቀለሟ እጄን ያዘችው። ነጋ ቢሉ፣ ልጁ ከእንግዲህ እንደማያምናቸው ሁላችንም አውቀናል፤ ያማል ቢሉ ደግሞ ቀኙ መንገድ ቅርብ ነው።

«ያማል» አሉ። «ሁለተኛው ወንዝ ላይ አውርደኝ፣ በእግሬ እሻገራለሁ። ዳገቱ ላይ ደግሞ እንድናርፍ አቁም። ሌላውን እችለዋለሁ።»

ዋጋሪ የሞተሩን እጀታ አጠበቀ፣ ለቀቀ፣ አጠበቀ።

«ጋሼ፣ ለፌኔት ይንገሩልኝ» አለ በመጨረሻ። «ዛሬ አንገባም። ዳገቱ ላይ ካመማት ግን እመልሳታለሁ፤ እሷም ሰምታለች።»

«ሰምቻለሁ» አሉ እናቱ። «አሁን ንዳ። ሱታ።»

ግራውን ያዘ። ትንሿን ጥቅል አዴ ወርቂቱ በጉያቸው ይዘዋታል፤ ካኪዋ በነፋሱ ከቀሚሳቸው ሥር ብቅ ጥልቅ ትላለች። ጉድጓዷ ላይ ሲያርፉ ሞተሩ ዝቅ አለ፣ ተነሳ፣ ሄደ። ድምፅ አላሰማም።

እኔ አልተረጋጋሁም። ሰማዩ ሲያጉረመርም ተነስቼ ወጣሁ፣ ገባሁ፤ አሁን አስፋልቱን ጨረሱ፣ አሁን የመጀመሪያው ወንዝ ላይ ናቸው እያልኩ በልቤ አብሬያቸው ተጓዝኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኬ ጮኸ። ዋጋሪ ነው ብዬ ሳነሳው እሳቸው ናቸው።

«ኦቦ ጫንያለው፣ ወገቤ ይጠዘጥዘኛል» አሉ ያለ ምንም ሰላምታ። «ዋጋሪ ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ አቁሞልኛል። አሁን እሳት ዳር ጋደም ብያለሁ። ከብቶቼ ገብተዋል።»

ስልኩን ስዘጋ ነው ለፌኔት እንዳልነገርኳት ትዝ ያለኝ፤ ነጠላዬን ይዤ ሮጥኩ።

ያች ናት እንግዲህ። እናንተ ልጆቼ ወጣቶች ናችሁ፤ ነገ ሞተር ትይዛላችሁ፣ እናትም አያትም ከኋላችሁ ታስቀምጣላችሁ። የጥርሱን ቁጥር ብትረሱት አልቀየማችሁም፤ እኔ እነግራችኋለሁ። ብቻ እባካችሁ፣ ከመንዳታችሁ በፊት አንድ ቀን ራሳችሁ ከኋላ ተቀምጣችሁ ያንን መንገድ ሂዱበት፤ ስትሄዱበትም አዴ ወርቂቱን አስቡልኝ።